ሳርጀንት ፊት እንዴት ይሥል ነበር?

ጥያቄ፦ የአሜሪካዊው ሠዓሊ የጆን ሲንገር ሳርጀንት የሰው ምስሎች በአንድ ትንፋሽ የተሣሉ ይመስላሉ። እውነት ነው? ገበያው ደርቶለት ሳለስ የሰው ምስል መሣሉን ለምን ተወው?

መልስ፦ ይመስላሉ እንጂ አይደለም። ሸራውን ከሚሣለው ሰው ጎን ያቆምና ሁለቱን ከሩቅ ያስተያያል፤ ቀርቦ ጥቂት ብሩሽ ያሳርፋል፤ ደግሞ ወደ ኋላ። ፊትን የሚጀምረው ከመካከለኛው ቀለም፣ ማለትም በብርሃኑና በጥላው መሃል ካለው፣ ነው። ጥላው ይከተላል፤ አፍንጫ ጫፍ ላይ የምታበራዋ ነጥብ መጨረሻ ትመጣለች። ብርሃኑን ያስቀደመ ሠዓሊ ኋላ የሚያደምቅበት ያጣል። ጭንቅላቱ ቦታውን ከሳተ አይጠጋግነውም፤ እርጥብ ቀለም ሲደራረብ ፊቱ ይደፈርሳልና ሙልጭ አድርጎ ፍቆ እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ የሚሣለው ሰው ለአንድ ምስል 8 ወይም 10 ጊዜ መቀመጡ የተለመደ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1884 ፓሪስ ላይ በውበቷ የታወቀችውን የከተማዋን ወይዘሮ ማዳም ጎትሮን የቀሚሷ ማንጠልጠያ ከትከሻዋ ወርዶ ቢሥላት ጉድ ተባለ። ማንጠልጠያውን መልሶ ቢሥለውም ወሬው አልበረደም፤ በ1886 ኑሮውን ለንደን አደረገ። ሥዕሉን በ1916 ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ1,000 ፓውንድ ሸጠው።

የሰው ምስል መሣሉን የተወው በ1907 ገደማ ነው። ባለጸጎችን እያጫወቱ መሣልና የዘመድ አዝማድ አስተያየት መስማት አንገሽግሾት ነበር (አይፈረድበትም)። ያም ሆኖ እምቢ ማለት ላልቻለላቸው ሰዎች በከሰል መሣሉን ቀጠለ፤ ያ ብዙውን ጊዜ በአንድ መቀመጥ ያልቅ ነበር።