የአባቴን መጻሕፍት መደብር ለካፌ ላከራየው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ በደሴ ፒያሳ አባቴ ከ1950ዎቹ ጀምሮ መጻሕፍትና የጽሕፈት መሣሪያ ይሸጡበት የነበረው ቤት በውርስ ደርሶኛል። ግድግዳው የእንጨትና የጭቃ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፤ መደርደሪያዎቹና ባንኮኒው እንደነበሩ አሉ። ካፌ ሊከፍት የፈለገ ተከራይ የፊቱ ግድግዳ ፈርሶ መስታወት እንዲገባለት፣ ውስጡም በሲሚንቶ ተለስኖ ሴራሚክ እንዲነጠፍለት ጠይቆኛል። ሰው ቤቱን ቅርስ ነው ይለዋል፤ በወረቀት ግን ያየሁት ነገር የለም። መፍቀድ እችላለሁ? ብችልስ ይበጃል?

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ እንጀምር፤ የተጠየቀው ሥራ ፈቃድ ቢያገኝ እንኳ ቤቱን የሚጎዳ ነውና። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይመጥጣል፤ የተመረገው በጭቃ ወይም በኖራ ከሆነ ደግሞ መልሶ ለአየር ይሰጠዋል። በሲሚንቶ ሲለሰን ግን ከመሬት የሚወጣውም ሆነ ከጣራ የሚወርደው ውሃ መውጫ ስለሚያጣ፣ ቋሚውና ማገሩ ከልስኑ ጀርባ ሳይታዩ ይበሰብሳሉ፤ ልስኑም ራሱ ውሎ አድሮ እያበጠ ይላቀቃል። የደሴን ክረምት ለእርስዎ መንገር አያሻም። ስለዚህ ግድግዳው ጭድ በገባበት ጭቃ ተመርጎ በኖራ ይቀባ፤ ለሲሚንቶ የታሰበው ገንዘብም በቅድሚያ ለቆርቆሮው፣ ለአሸንዳውና ውሃውን ከቤቱ እግር ለሚያርቀው ቦይ ይዋል።

ወለሉም ከዚህ የተለየ አይደለም። ጣውላው ከሥሩ አየር የሚዘዋወርበት ክፍተት አለው፤ ሴራሚክ ለመንጠፍ ሲባል ክፍተቱ በአፈርና በድንጋይ ከተሞላ እርጥበቱ ወደ ግድግዳው ይዞራል። አባትዎ የሠሩበት ንግድ ደረቅ ንግድ ነበር፤ ካፌ ግን ቀኑን ሙሉ ውሃ የሚደፋበት ነው። እኔ ብሆን ቤቱን ለጨርቃ ጨርቅ፣ ለመነጽር ወይም እንደገና ለጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ማከራየትን እመርጥ ነበር፤ ኪራዩ ግን የእርስዎ ነው። ካፌው የግድ ከሆነ ማብሰያው፣ ዕቃ ማጠቢያውና መጸዳጃው በጓሮ በተለየ ክፍል ይሠሩ፤ በዋናው ቤት የቡና ማሽኑና ወንበሮቹ ብቻ ይግቡ። ማሽኑ ብዙ ኃይል ስለሚስብ አሮጌው የኤሌክትሪክ መስመር በባለሙያ ይቀየር፤ ጣውላና አቡጀዲ ላለው ቤት እሳት ፋታ አይሰጥም።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ የከተማውን የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቀው መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ተመዝግቦ ከሆነ፣ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ አገር አቀፉ የቅርስ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ቅድመ ፈቃድ ማፍረስ ቀርቶ መጠገንም አይቻልም። ይኸው አዋጅ ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ግዴታ ቢጥልበትም፣ የጥገናው ወጪ ከአቅሙ በላይ በሚሆንበት ጊዜ መንግሥት ከፊሉን በመሸፈን ሊረዳው እንደሚችል ይደነግጋል፤ ባለቤቶች ግን ግዴታውን ሰምተው ከዚህ አንቀጽ ሳይደርሱ ይቀራሉ። ቤቱ ባይመዘገብም ግድግዳ ማፍረስና የቤቱን አገልግሎት መለወጥ የከተማውን ሕንፃ ሹም ፈቃድ ይጠይቃል።

አገልግሎት መለወጡ በራሱ ነውር የለበትም፤ የደሴ ሙዚየም የተቋቋመበት ቤት የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነበር። ተከራይዎ መስታወት የፈለገው መንገደኛው ውስጡን እንዲያይለት ከሆነ፣ የሳንቃ መዝጊያዎቹ ቀን ቀን እየተከፈቱ ከጀርባቸው ተነቃይ መስታወት ሊገባ ይችላል፤ ግድግዳ መንካትም አያስፈልግም። መደርደሪያዎቹ፣ ባንኮኒውና መዝጊያዎቹ ተቆጥረው በኪራይ ውሉ ላይ ይጻፉ፤ ሥራው ሳይጀመርም ፎቶግራፍ ያስነሷቸው። የአባትዎ ታፔላ እስከ ዛሬ ካለ ቀለም አያስደርቡበት፤ የካፌው ስም በጎን በሌላ ሰሌዳ ይሰቀል።