ሁሉም «ቲፕ» ጉርሻ አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ሳምንት ትዝ አለኝ። ደንበኛው «አንድ ቲፕ ልስጥሽ» ሲልሽ ገንዘብ ስትጠብቂ፣ የትኛው አውቶቡስ ቶሎ እንደሚያደርስሽ ነግሮሽ መሄዱን፤ ያው ቃል ደግሞ ደመወዝ ወረቀትሽ ላይ ከቁጥር ጋር መምጣቱን ጽፈሻል። እኔም እዚሁ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ለዘጠኝ ዓመት አስተናጋጅ ነበርኩ። ቃሉን በውድ ነው የተማርኩት።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን፣ ስድስት የውሃ ብርጭቆ በትሪ ይዤ ከወጥ ቤት ስወጣ የሥራ ባልደረባዬ ከኋላዬ «ኢትስ ቲፒንግ!» ብላ ጮኸች። የማውቀው ቲፕ አንዱን ብቻ ነበርና ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ የተተወልኝ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ዞርኩ። ትሪው ይብስ አዘነበለ፤ ብርጭቆዎቹ አንዱ ሌላውን እየገፋ ወለሉ ላይ አለቁ። ለካ «ሊገለበጥብህ ነው» ማለቷ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ አጠገቡ ያሉትን ቃላት ሳልሰማ አልፈርድም። «ኦቨር» ከተከተለው የሚገለበጥ ነገር አለ። የጣት፣ የእርሳስ ወይም የምላስ ስም ከተከተለው ጫፍ ማለት ነው፤ እኛ «አፌ ላይ ነበር» የምንለውን እነሱ «ምላሴ ጫፍ ላይ ነው» ይሉታል። ለፖሊስ የሚሰጠው ቲፕ ጥቆማ ነው፤ የአውቶቡሱ ሰውዬም የሰጠሽ ጥቁምታ ነው። ሎንዶን የምትኖር ታናሽ እህቴን ደግሞ አከራይዋ «ክፍልሽ ቲፕ ነው» ስትላት እህቴ አመስግናት ነበር። እንግሊዞች የቆሻሻ መጣያውንም ቲፕ እንደሚሉት ያወቀችው በኋላ ነው።

የሥራ ባልደረቦችሽ ቲፕ «ቱ ኢንሹር ፕሮምፕትነስ» (ፍጥነትን ለማረጋገጥ) ከሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ ነው ካሉሽ አትመኚ። ቃሉ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዝ ሌቦች ቋንቋ «አቀብል፣ ስጥ» ማለት ነበር።

ወደ ደመወዝሽ ልምጣ። እኛ ቲፕን «ጉርሻ» ብለን መተርጎማችን ያምራል፤ ግን ብዙዎቻችንን ያሳሳተን እሱ ነው። ጉርሻ ከፍቅር የሚመጣ ነው፤ ያልጎረሰ ሰው አይካሰስም። እዚህ አገር ግን ቲፕ የደመወዝሽ አካል ነው። በፌዴራል ሕግ አሠሪ ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ እንዲከፍል ይፈቀድለታል፤ ይህ ቁጥር ከእ.ኤ.አ. 1991 ጀምሮ አልተነሳም። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ነው። በመካከል ያለውን 5.12 ዶላር ደንበኛ በሚሰጥሽ ገንዘብ ይሞላል ብሎ አሠሪው ይቆጥረዋል፤ «ቲፕ ክሬዲት» የሚሉት ይህንን ነው። ካልሞላ ግን ጎደሎውን የሚሞላው አሠሪው ነው። ቨርጂኒያ ራሷ የደነገገችው ዝቅተኛ ክፍያ ከፌዴራሉ ስለሚበልጥ ድምሩ መድረስ ያለበት እዚያ ነው። ካሊፎርኒያ ብትሆኚ ኖሮ ሙሉው ክፍያ ከነቲፑ ይገባሽ ነበር።

ይህንን የነገረኝ ስላልነበረ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ባዶ ጠረጴዛ ስጠርግ ከርሜ በሁለት ዶላር ከሳንቲም ሂሳብ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁን ለመጠየቅ አፈርኩ። ጉርሻ ለምን አነሰ ተብሎ ይጠየቃል? እስካሁን የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ ሰው ለተቀመጠበት ጠረጴዛ ቤቱ ራሱ 18 በመቶ ጨምሮ ሂሳብ ሲያወጣ፣ ያ በግብር ሕጉ ቲፕ አይባልም፤ የአገልግሎት ክፍያ ነው። አዲስ አበባ ሆቴሎች ሂሳብ ላይ የምናየው 10 በመቶ ዓይነት ነው። ደንበኛው በፈቃዱ የጻፈው ካልሆነ ገንዘቡ በቅድሚያ የቤቱ ነው፤ ለሠራተኛ ምን ያህል እንደሚደርስ ጠይቀሽ እወቂ። ከእውነተኛው ቲፕ ግን ባለቤቱም ሥራ አስኪያጁም ድርሻ መውሰድ አይችሉም፤ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ሕጉ ይህንን በግልጽ ይከለክላል።

አንዲት ትንሽ ደብተር ግዢ። ማታ ማታ፣ ልብስሽን ሳትቀይሪ፣ በእጅ የተቀበልሽውንና በካርድ የተከፈለሽን ለየብቻ ጻፊ። በወር 20 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ እስከሚቀጥለው ወር 10ኛ ቀን ድረስ ለአሠሪሽ ማሳወቅ አለብሽ፤ ወረቀትሽ ላይ ያየሽው ቁጥርም የሚመጣው ከዚያ ነው። ከደብተርሽ ጋር አስተያዪው። ካልገጠመ ሒሳብ ክፍል ሄደሽ ደብተሩን ገልጠሽ አሳዪአቸው፤ እንደ እኔ አትፈሪ።