የጠቆረ ዘይትና የልብ ነገር

ልጆቼ፣ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። እዚህ ሀዋሳ ውስጥ ደም ስመረምር ነው ያረጀሁት። ዛሬ ግን የምጽፍላችሁ ስለ ዘይት ነው።

ሱቅ ውስጥ «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚል ዘይት ስታዩ አትደነቁ። የዕፅዋት ዘይት ድሮም ኮሌስትሮል የለውም ማለት ይቻላል። ያለው የዕፅዋት ስቴሮል ነው። የኮሌስትሮል የቅርብ ዘመድ በሉት፤ ቅርጻቸው ይመሳሰላል። አንጀት ውስጥ ገብቶ የኮሌስትሮልን ቦታ ስለሚሻማ ይጠቅመናል። በቀን 2 ግራም ገደማ የሚወስድ ሰው ኤልዲኤሉ፣ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል ማለት ነው፣ ከ8 እስከ 10 በመቶ ይቀንስለታል። ይህ መጠን ግን ከዘወትር ምግባችን አይገኝም።

አንጀታችን ራሱ ጎበዝ ነው። ከምንበላው ኮሌስትሮል ግማሽ ያህሉን ሲያስገባ፣ ከዕፅዋቱ ስቴሮል የሚያስገባው ከ5 በመቶ በታች ነው። ሾልኮ የገባውንም መልሶ ያስወጣዋል። ይህ ማስወጫ ከልደት የተበላሸባቸው ሰዎች አሉ፤ የዕፅዋቱ ስቴሮል ደማቸው ውስጥ ይከማቻል። ሕመሙ ሲቶስቴሮሊሚያ ይባላል። በ1974 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተገለጸው በሁለት እህትማማቾች ላይ ነው። የተለመደው የኮሌስትሮል ምርመራ ደግሞ ሁለቱን አይለይም፤ የዕፅዋቱንም ኮሌስትሮል ብሎ ይቆጥረዋል። ለመለየት ጋዝ ክሮማቶግራፊን የመሰለ መሣሪያ ያስፈልጋል። ወደ እኛ ሙያ የምትመጡ፣ አደራ፣ ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት ምን እንደለካ እወቁ።

ወደ ዘይቱ ልመለስ። ስቴሮል ሙቀት፣ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል። ኦክሲዳይዝ ሆነ የሚሉት ይህንን ነው። ሐይቃችን ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ጥብስ ስታዝዙ መጥበሻውን ልብ ብላችሁ እዩ። ቀኑን ሙሉ ያልተቀየረ ዘይት ይጠቁራል፣ ይወፍራል። ዓሣው ሲገባ አረፋው ቶሎ አይጠፋም። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ጠርዙ ላይም የሚያጣብቅ ነገር ይጋገራል። እዚያ ውስጥ የተበላሸው ስቴሮሉ ብቻ አይደለም፤ ቅባቱ ራሱም ተበላሽቷል።

ኦክሲዳይዝ የሆነ ስቴሮል በሰው ደም ውስጥ ተገኝቷል። መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው። በላቦራቶሪ ሕዋሳት ላይ በብዛት ሲጨመር ይጎዳል። የሰውን የልብ ደም ሥር እንደሚያጠብ ግን አልተረጋገጠም። ስለዚህ ማንም ፊት ቆማችሁ «ይሄ ጥብስ ልብ ይገድላል» እንዳትሉ። ጥብስ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግ እናት በጥርጣሬ ብቻ ገበያዋ ሊበላሽባት አይገባም። ዘይት ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ግን ጥንቃቄው ቀላል ነው። ዘይቱን አጥልላችሁ ፍርፋሪውን አውጡት። ዘይቱ እስኪጨስ አታግሉት። በጠቆረው ላይ አዲስ አትጨምሩበት። ክዳኑን ዘግታችሁ ጨለማ ቦታ አስቀምጡት፤ በተለይ የኑግ ዘይት ቶሎ ይበላሻል። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የዋለውን ጠርሙስ ትታችሁ ከውስጥ መደርደሪያ አውርዱልኝ በሉ። አንዳንዴም ከጥብሱ ይልቅ የዓሣ ጉላሽ እዘዙ፤ እኔ እንደውም እሱ ይጣፍጠኛል።

ደግሞ ስለ ስቴሮል እየተጨነቃችሁ ሲጋራ የምታጨሱ ካላችሁ፣ ቅድሚያው ሲጋራው ነው። የደም ግፊትና ስኳርም እንዲሁ። እነዚህ ልብን እንደሚጎዱ አያከራክርም፤ ግፊት ለመለካት ደግሞ ደቂቃዎች ይበቃሉ።

ከቤተሰባችሁ በወጣትነቱ የልብ ሕመም የያዘው ሰው ካለ፣ ወይም ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማታችሁ ላይ፣ አልያም የእጃችሁ ጣቶች መገጣጠሚያ ላይ ጠጠር ያለ እብጠት ከወጣ፣ ኮሌስትሮል ወይም ስቴሮል ተከማችቶ ሊሆን ይችላልና ዝም አትበሉ። ሐኪም ጋ ሄዳችሁ አሳዩ፣ የቤተሰባችሁንም ታሪክ ሳትደብቁ ንገሩት።