የሰው የሒሳብ ጥያቄ ለምትመልሱ ወጣቶች

የሰውን የሒሳብ ጥያቄ ለመመለስ የተነሣችሁ ልጆቼ፣ እኔ በዚሁ ሥራ ጠጉሬ ሸብቷልና ጥቂት ልምከራችሁ። የቤት ሥራው አልወጣ ያለው ተማሪ፣ ልጁን ማስረዳት ያቃተው ወላጅ፣ ወለዱ እንዴት እንደታሰበበት ያልገባው ተበዳሪ፣ አንድ እንቆቅልሽ እንቅልፍ የነሣው ጡረተኛ፣ ሁሉም ወደ እናንተ ይመጣል። የብዙዎቹን ጥያቄ መልስ ገና አንብባችሁ ሳትጨርሱ ታውቁታላችሁ። መጠንቀቅ ያለባችሁም ያን ጊዜ ነው። ስሌቱ ስለቀለላችሁ ብቻ የተጠየቃችሁትን ያወቃችሁ ይመስላችኋል፤ ጠያቂው የተሰናከለው ግን ብዙ ጊዜ ስሌቱ ላይ አይደለም።

"ዋጋው በ20 ፐርሰንት ጨመረ፣ ከዚያ በ20 ፐርሰንት ቀነሰ፤ ታዲያ ለምን ወደ ነበረበት አልተመለሰም?" ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ሁልጊዜ ይመጣል። 100 የነበረው 120 ሆነ፤ የ120 ሃያ ፐርሰንት 24 ነው፤ ሲቀነስ 96 ይቀራል። ይህን ጽፎ መላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሰውየው ግን ስሌቱን ራሱ ሠርቶት ሊሆን ይችላል፤ ግራ ያጋባው እንዲያውም 96 ማግኘቱ ነው። በልቡ 20 ፐርሰንት የሚባል አንድ የተወሰነ ነገር አለ፤ ሲጨመር የገባው እሱ፣ ሲቀነስ የሚወጣውም እሱ ነው። ስለዚህ "የምን 20 ፐርሰንት?" ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቁት። መጀመሪያ የ100 ነበር፣ ቀጥሎ የ120። ይህ ከገባው ወደ 100 ለመመለስ በስንት ፐርሰንት መቀነስ እንደነበረበት ራሱ ይፈልጋል፤ ከ120 ላይ 20 ማንሣት ማለት አንድ ስድስተኛ፣ 16.7 ፐርሰንት ያህል መሆኑንም ያገኘዋል። እሱ ካገኘው አይረሳውም።

ስሕተትን በዚህ ዓይን ማየት ልመዱ። ግማሽና ሲሶ ሲደመሩ 2/5 ነው የሚል ልጅ ያጋጥማችኋል፤ የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምሮ። ወዲያው "ታህቱን አመሳስል" ብላችሁ ደንቡን ከጫናችሁበት ደንቡን ይሸመድደዋል፣ የራሱን ሐሳብ ግን እንደያዘ ይቀራል፤ ፈተናው ሲያልፍ አሮጌው ሐሳብ ተመልሶ ይመጣል። ይልቅስ "2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?" በሉት። 2/5 ማለት 0.4፣ ግማሽ ደግሞ 0.5 ነው። ግማሽ ላይ ሌላ ነገር ተጨምሮበት እንዴት ከግማሽ አነሰ? ልጁ ይህን ካየ ደንቡን ለመስማት ጆሮው ይከፈታል።

እዚያ ላይ ግን አታቁሙ። የልጁ አደማመር ከሰማይ የወረደ አይደለም። በመጀመሪያው ፈተና ከ2 ጥያቄ 1፣ በሁለተኛው ከ3 ጥያቄ 1 ያገኘ ተማሪ በጠቅላላው ከ5 ጥያቄ 2 አግኝቷል። እዚህ ቦታ ልጁ ልክ ነው። ግማሹ የ2 ጥያቄ ግማሽ፣ ሲሶውም የ3 ጥያቄ ሲሶ ስለሆነ ነው፤ ክፍልፋይ ስንደምር ግን ሁለቱም የአንድ ነገር ክፍሎች መሆን አለባቸው። አሁንም የጎደለችው ያችው "የምን?" የምትለዋ ጥያቄ ናት። ለልጁ "ያሰብከው ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ይኸው" ማለት ምን ያህል ቀና እንደሚያደርገው በቃል ልነግራችሁ አልችልም።

አንዳንዴ ሰውን የሚያሟግተው ነገር ራሱ ጥያቄው ውስጥ ያልተጻፈ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1990 ማሪሊን ቮስ ሳቫንት የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ ፓሬድ መጽሔት ላይ አንድ ጥያቄ መለሰች። ሦስት በሮች አሉ፤ ከአንዱ ኋላ መኪና፣ ከሁለቱ ኋላ ፍየል። ተጫዋቹ አንዱን ይመርጣል፤ መኪናው የት እንዳለ የሚያውቀው የጨዋታው መሪ ከቀሩት ሁለቱ ፍየል ያለበትን ከፍቶ "ምርጫህን ትቀይራለህ?" ይለዋል። ጸሐፊዋ መቀየር ይሻላል፣ የማሸነፍ ዕድሉ 1/3 የነበረው 2/3 ይሆናል አለች፤ ልክም ናት። ወደ 10,000 የሚጠጋ ደብዳቤ ጎረፈላት፤ አብዛኛው ተሳስተሻል የሚል ነበር፣ ዶክትሬት ያላቸው ሰዎች ጭምር የጻፉት። እሷም ትምህርት ቤቶች ጨዋታውን ክፍል ውስጥ ደጋግመው እየሞከሩ ውጤቱን እንዲቆጥሩ ጋበዘች። እኔ ከክርክሩ ሁሉ ይህን ግብዣዋን እወደዋለሁ። ደግሞም አስተውሉ፤ የጨዋታው መሪ ምንም ሳያውቅ በዘፈቀደ ከፍቶ ፍየል ቢያጋጥመው ኖሮ መቀየርና አለመቀየር እኩል ይሆን ነበር። ተሟጋቾች ብዙ ጊዜ የሚለያዩት ይህን ሳይነጋገሩ ስለሚጀምሩ ነው።

8÷2(2+2) ስንት ነው እያሉ የሚጣሉ ሰዎች ዳኛ አድርገው ሲጠሯችሁ አትሟገቱ። አጻጻፉ አሻሚ ነው፤ ቅንፍ ጨምሩበት በሏቸውና እለፉ።

ማንኛውንም አንግል በኮምፓስና ቁጥር በሌለው ማስመሪያ ብቻ ሦስት እኩል ቦታ ከፈልኩ የሚል ሰውም አይጠፋም። ይህ እንደማይቻል ፈረንሳዊው ፒየር ቫንዝል እ.ኤ.አ. በ1837 አረጋግጧል። ሰውየው ግን ዕድሜውን ያፈሰሰበት ሊሆን ይችላልና "አይቻልም" ብላችሁ ብቻ ፊት አትንሡት። 60 ዲግሪን በእሱ መንገድ ከፍላችሁ የሚወጣውን አንግል በስሌት አሳዩት፤ 20 ሳይሆን ለ20 የቀረበ ቁጥር ይሆናል። ሥዕሉ ላይ ልዩነቱ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ መቅረብና እኩል መሆን የሚለያዩትም እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሊሰማችሁ ካልፈለገ በአክብሮት ተሰናበቱት፤ የሚጠብቃችሁ ሌላ ሰው አለ።

ከሁሉ በላይ የምሳሳለት "እኔ ድሮም ሒሳብ አይገባኝም" ብሎ ለሚጀምር ተማሪ ነው። ሥራውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። አንዲት ልጅ 5 − 2(ሀ − 3) = 1 የሚለውን ይዛ መጣች እንበል፤ ቅንፉን ስትፈታ 5 − 2ሀ − 6 = 1 ጽፋ፣ ሀ = −1 አግኝታለች። ሙሉውን ሠርታችሁ አትላኩላት። መጀመሪያ −1ን በሀ ቦታ መልሳ እንድታስገባ ንገሯት፤ 1 መምጣት ሲገባው 13 ይመጣባታል። ቀጥላችሁ ከቅንፉ በኋላ ያለው አካሄዷ በሙሉ ትክክል መሆኑን፣ እንደገና መታየት ያለበት −2 በ−3 የተባዛበት ቦታ ብቻ መሆኑን ጻፉላት። "ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል?" ብላ ከጠየቀች ደስ ይበላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1758 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ማሴሬስ ኔጌቲቭ ቁጥርን መቀበል ከብዶት መጽሐፍ ጽፎበታል፣ እሷም ቢከብዳት አይደንቅም። 3 × (−2) = −6፣ 2 × (−2) = −4፣ 1 × (−2) = −2፣ 0 × (−2) = 0 ብላችሁ በተርታ ጻፉና ቀጣዩን መስመር፣ (−1) × (−2)ን፣ ለእሷ ባዶ ተዉላት።