ባሌ ሳያውቅ ልጄን ክርስትና ላስነሳት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 27 ዓመቴ ነው። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 3 ዓመት ሆነን። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሱ ጴንጤ ነው። ስንጋባ «ሁሉም በየእምነቱ» ተባብለን ነው። እውነት ለመናገር ተቻችለን ኖረናል። ፆም ሲሆን እሱም አብሮኝ ሽሮ ይበላል። እሁድ እኔ ቅዳሴ እሄዳለሁ፣ እሱ ቸርች ይሄዳል።

አሁን ሴት ልጅ ወልደናል። ዛሬ 52 ቀኗ ነው። በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች ብዬ ሳወራ «አይሆንም» አለኝ። «ምንም በማታውቅበት ዕድሜ አትጠመቅም። አድጋ፣ አምና ትጠመቅ። ዋናው የመንፈስ ጥምቀት ነው። አሁን ብትወስጃት ደርቃ ገብታ ረጥባ ትወጣለች» አለ። እሱ ራሱ በ40 ቀኑ ክርስትና የተነሳ ሰው ነው። ጌታን ተቀበልኩ ብሎ በ23 ዓመቱ እንደገና ተጠመቀ።

እናቴ ልታርሰኝ መጥታ እኛ ጋ ናት። ይህን ስትሰማ ቤቱ ቀውጢ ሆነ። «ማተቡን የበጠሰ ሰው ነው የልጅ ልጄን አረማዊ አድርጎ የሚያሳድጋት?» አለች፣ እሱ እየሰማ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሲወጣ ሳምንት ይቆያል። እናቴ «ሲወጣ ጠብቀን እናስጠምቃታለን፤ ከተጠመቀች በኋላ ምን ያመጣል?» ትላለች። የልጅቷን የአንገት ክር ከወዲሁ ገምዳ፣ በክብሪት ቀፎ አድርጋ ፍራሽ ሥር አስቀምጣለች።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ልጅቷን አተኮሳት። እሱ በአንድ በኩል እጁን ጭኖባት በልሳን ይጸልያል። እኔ በሌላ በኩል «በስመ አብ» እያልኩ አማትብባታለሁ። ንጋት ላይ ትኩሳቱ ለቀቃት። እኛ ግን ተኮራርፈን ዋልን። ሳትጠመቅ አንድ ነገር ብትሆንስ? ጨነቀኝ። ላስጠምቃት?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ባልሽ አጠገብሽ ሆኖ የሚያነብ ከሆነ፣ ለእሱም እንኳን ደስ ያለህ በይልኝ።

ከጥያቄሽ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሁለት ወር ያልሞላት ሕፃን ስታተኩስ እስኪነጋ አይጠበቅም። ጸሎቱ መንገድ ላይም ይደርሳል። ሌሊትም ቢሆን ይዛችኋት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። በዚህ ዕድሜ ትኩሳት ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጉዳይሽ። በድብቅ አታስጠምቂያት።

እንዴት ይደበቃል ደግሞ? ባልሽ ከጅቡቲ ተመልሶ ልጁን ሲያቅፍ አንገቷ ላይ ክር ያያል። ክሩን ብታወልቂላት እንኳ የምትኖሪው ኮንዶሚኒየም ነው። ደረጃ ላይ ያገኘችው ጎረቤት «እንኳን ለልጅህ ክርስትና አበቃህ» ትለዋለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አስቢው። ይህ ሰው ከወር ግማሹን መንገድ ላይ ነው። አዋሽ ላይ መኪናውን አቁሞ ሲተኛ «አሁንስ ከኋላዬ ምን እየተሠራ ይሆን?» እያለ ነው የሚተኛው። የሹፌር ትዳር የቆመው ባልየው በሌለበት ቀን በሚደረገው ነገር ላይ ነው። እሱም ለአንቺ እንደዚያው ነው። የጅቡቲን መንገድ አንቺም አታዪውም።

እናትሽ የተናገሩትን ቃል ደግሞ እንየው። በእኛ አነጋገር «ማተብ የለሽ» ማለት ክር ያላሰረ ማለት ብቻ አይደለም። ቃሉን የማይጠብቅ፣ የማይታመን ማለት ነው። ባልሽ የሰማው ይህን ነው። አንቺ ደግሞ «ደርቃ ገብታ ረጥባ ትወጣለች» ሲል የሰማሽው «ያንቺም ጥምቀት፣ የእናትሽም ጥምቀት መታጠብ ነው» የሚል ነው። ሁለታችሁም ስለ ሕፃኗ የምታወሩ ይመስላችኋል። የቆሰለው ግን የራሳችሁ ጥምቀት ነው።

እኔ ቄስም ፓስተርም አይደለሁም። የማን ትክክል ነው የሚለውን ከእኔ አትጠብቂ። ግን ምን ላይ እንደማትስማሙ በትክክል ማወቅ ጭቅጭቁን ግማሽ ያህል ያበርደዋል። ቢሮዬ የሚመጡ ባለትዳሮች አንዱ የሌላውን እምነት የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ከቀልድና ከስድብ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የእናንተ ጠብ «የውኃ ጥምቀት ወይስ የመንፈስ ጥምቀት» የሚል ስም ወጥቶለታል። ስሙ ልክ አይደለም። ኦርቶዶክስ መንፈስ የሌለበት ውኃ አታጠምቅም። ዮሐንስ 3 ላይ «ከውኃና ከመንፈስ» የሚለውን ይዛ፣ ሁለቱን እንደ አንድ ልደት ነው የምታየው። ካህኑ ሕፃኗን ሦስት ጊዜ በውኃ ካጠመቋት በኋላ እዚያው ሜሮን ይቀቧታል። ሜሮን የመንፈስ ቅዱስ ማኅተም ነው። በዚያው ቀን ትቆርባለች። ስለዚህ «ውኃ ብቻ ነው» የሚለው የባልሽ ቀልድ ቤተ ክርስቲያንሽ የማታውቀውን ጥምቀት ነው የሚተቸው።

በሌላ በኩል የባልሽ ቸርችም ውኃውን አልጣለችም። እሱ ራሱ በ23 ዓመቱ ውኃ ውስጥ ገብቷል። እነሱ ዘንድ የውኃ ጥምቀት ያመነ ሰው እምነቱን በሰው ፊት የሚመሰክርበት ነው። በመንፈስ ቅዱስ መጠመቅ ደግሞ ሌላ ነው። በተለይ በጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት ሰው ካመነ በኋላ የሚቀበለው ኃይል ነው፤ ብዙዎቹ በልሳን መናገርን ምልክቱ ያደርጉታል። ያን ሌሊት ልጁ ላይ እጁን ጭኖ በልሳን ሲጸልይ፣ ካለው ነገር ሁሉ ትልቁን እየሰጣት ነበር። አንቺም ስታማትቢ እንደዚያው።

ስለዚህ የማትስማሙት «መቼ?» እና «በማን እምነት?» ላይ ነው። ሕፃን በወላጆቿና በክርስትና እናቷ እምነት ትጠመቃለች ወይስ ራሷ እስክታምን ይጠበቃል? ባልሽ «ያመነ የተጠመቀም ይድናል» የሚለውን ያነሳል፤ ማመን ቀደመ ይላል። እናትሽ ቃሉን ያውቁታል፤ ግን በሐዋርያት ሥራ 16 የወህኒ ጠባቂው ከነቤተሰቡ ተጠምቋል ይሉታል። ደግሞ ሁሉም ፕሮቴስታንት እንደ ባልሽ አይደለም። መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች። ይህን ስትነግሪው ለመርታት አይሁን። ጥያቄው በእነሱም መካከል ያለ መሆኑን እንዲያይ ያህል ነው።

የሐዋርያት ሥራን አብራችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል። ምዕራፍ 8 ላይ የሰማርያ ሰዎች በውኃ ተጠምቀው መንፈስ ቅዱስን የተቀበሉት በኋላ ነው፣ ጴጥሮስና ዮሐንስ እጃቸውን ሲጭኑባቸው። ምዕራፍ 10 ላይ በቆርኔሌዎስ ቤት ነገሩ ተገለበጠ። መንፈስ ቅዱስ ቀድሞ ወረደ፣ ውኃው ተከተለ። በሁለቱ መሀል ደግሞ የራሳችን ሰው አለ፤ ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ላይ ሠረገላውን አስቁሞ ውኃ ውስጥ የወረደው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ። እሱን ሁለታችሁም የእኛ ነው ትላላችሁ።

ለባልሽ የምታስረጂው አንድ ነገር ቀኑ ነው። ለእሱ 80 ቁጥር ነው። ለእናትሽ ግን እንደዚያ አይደለም። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ ይላል። እናትሽ ቀን ሲቆጥሩ የልጅ ልጃቸው ገነት የምትገባበትን ቀን ነው የሚቆጥሩት። «ወግ አጥባቂ አሮጊት» ከማለቱ በፊት ይህን ይወቅ።

አንቺ ስለ ባልሽ የምታውቂው ደግሞ ይህ ይሁን። በ23 ዓመቱ ሲጠመቅ ቤተሰቡ እንዴት ሆነ? ማን አኮረፈው? እናቱ አለቀሱ? ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? የሕፃኗ ጥምቀት ሙሉ ነው ብሎ ከተቀበለ፣ ያኔ ያን ሁሉ የከፈለበት ጥምቀት ምን ሊሆን ነው? ለአንቺም ከባድ ነው። ጸሎተ ሃይማኖት ስትደግሚ «በአንዲት ጥምቀት» ትያለሽ። የእሱ ሁለተኛ መጠመቅ ያንን ቃል ይነካብሻል።

አንድ ክርክር ግን እንዳታነሺበት። «ውኃ ብቻ ነው ካልክ ብትጠመቅ ምን ትጎዳለህ?» የሚለውን። ብልጥ ይመስላል፣ እናትሽም ሳያነሱት አይቀሩም። ግን እሱ ጥምቀቱን ባያምንበትም በልጁ ላይ ያለውን ድምፅ ያጣል። የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 ልጅን በእምነት መሠረት የማሳደግን መብት ለወላጆች ሲሰጥ ለአንዱ ለይቶ አልሰጠም።

አሜሪካዊው የጋብቻ ተመራማሪ ጆን ጎትማን ባለትዳሮች ከሚጋጩባቸው ጉዳዮች 69 በመቶ ያህሉ ለዘለቄታው የማይፈቱ ሆነው አግኝቷል። የሚያዘልቃቸው በጉዳዩ ላይ የሚነጋገሩበት መንገድ ነው ይላል። የእናንተም ከነዚህ አንዱ ነው። እሱ አይለወጥ ይሆናል፣ አንቺም አትለወጪም።

ከመንገድ በገባ ማግስት፣ እንቅልፉን ከጠገበ በኋላ፣ ልጅቷን አጥቢና ለእናትሽ ስጫት። ለአንድ ሰዓት ከቤት ውጡ። እዚያው ሰፈር ማኪያቶ የሚጠጣበት ቦታ አይጠፋም። ስለ 80 ቀን አትጀምሪ። መጀመሪያ እሱ የተጠመቀበትን ቀን ይንገርሽ፤ ውኃው ይበርድ እንደነበር ሳይቀር። አንቺ መሀል አትግቢ። ሲጨርስ የሰማሽውን መልሰሽ ንገሪው፤ «ማለትህ እንዲህ ነው?» በይው። ቀጥሎ አንቺ ፍርሃትሽን ንገሪው። «ኃጢአት ነው» አትበይ። «ሳትጠመቅ አንድ ነገር ብትሆንብኝ ዕድሜ ልኬን ራሴን ይቅር አልልም» በይው። ለእኔ የጻፍሽውን ያህል ለእሱ የነገርሽው አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ ለዚህ ፍርሃት ቤተ ክርስቲያንሽ መልስ አላት። ሕፃን በጠና ስትታመም 80 ቀን ሳይጠበቅ ትጠመቃለች። ቀኑ ያለፈባትም አትመለስም። ንስሐ አባትሽ ዘንድ ሄደሽ ጠይቂ። ለባልሽም ከሄድሽ በኋላ ሳይሆን ከመሄድሽ በፊት ንገሪው።

ከዚያ ውሳኔ አለ። ይህ እንደ ዳቦ የሚካፈሉት ነገር ስላልሆነ ግማሽ በግማሽ አይሆንም። ወይ አውቆት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ እሱ ግቢው ውስጥ ይቆም ወይ ቤት ይቅር ራሱ ይመርጣል፤ በቸርቹ ሊያስባርካት ቢፈልግ አንቺም አትከለክዪውም። ወይ ለትንሽ ጊዜ ይዘገያል፣ ግን እስከ መቼ እንደሆነ ቀኑ ተቆርጦ። «አድጋ ትወስን» የሚለው ሐሳብ ያለ ውሳኔ የሚያልፍ ይመስላል እንጂ እሱም ውሳኔ ነው፤ የባልሽ ውሳኔ። ይህን በግልጽ ልትነግሪው ትችያለሽ። የትኛው እንደሚሻል እኔ አልመርጥላችሁም። ግን ከመደበቅ ሦስት ሳምንት መዘግየት ይሻላል፤ በዚህ አልጠራጠርም።

ሽማግሌ ካስፈለገ የቸርቹን ሰው ብቻ ወይም የእናትሽን ዘመድ ብቻ አትጥሩ። ቤተሰቡ ውስጥ ሁለታችሁንም የሚወድ፣ አፉ የማይቸኩል አንድ ሰው ይበቃል።

እናትሽን በተመለከተ፣ አራስ ቤት ገንፎ እያገነፉ፣ ሌሊት እየተነሱ ያረሱሽን ሰው «አያገባሽም» አትበያቸው። «እማዬ፣ አንቺ ትሄጂያለሽ፤ እኔ ከእሱ ጋር ነው የምኖረው» በያቸው። ይገባቸዋል። መጀመሪያ ቀን ያኮርፉ ይሆናል።

ስለ ራስሽ ምንም አልጻፍሽም። ልጅቷ ተኝታ እንኳ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ለቅሶው ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተናገሪ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሕክምና አለው።

የክብሪት ቀፎውን ግን ከፍራሹ ሥር አውጪው። ባልሽ ፍራሽ ሲያገላብጥ ካገኘው በኋላ ሳይሆን ዛሬ ማታ። ስጪውና እንዲህ በይው፦ «እማዬ ለልጃችን የገመደችው ክር ነው። ሳታውቅ እንዳስርላት ፈልጋ ነበር። እኔ እንድታውቅ እፈልጋለሁ።»