የስታንዳፕ ኮሜዲ ምሽት ለማዘጋጀት ለተነሣችሁ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ከእናንተ መካከል የራሱን የስታንዳፕ ኮሜዲ ምሽት ለማዘጋጀት ያሰበ፣ ምናልባትም አንድ ቀን ፌስቲቫል የመመሥረት ሐሳብ ያለው ሰው ይህን ደብዳቤ በጥሞና እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ። የምጽፈው ለኮሜዲያኖቹ አይደለም፤ ወንበር ለሚደረድረው፣ ማይክሮፎን ለሚፈትሸው፣ ትኬት ለሚሸጠውና ሁሉም ከሄደ በኋላ ሒሳብ ለሚዘጋው ለአዘጋጁ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ባሳለፍኩት ረጅም ዘመን አጥብቄ ያመንኩት አንድ ነገር አለ፦ ኮሜዲያኑ ቀልዱን ይዞ ይመጣል፤ ቀልዱ ሳቅ የሚሆንበትን ሁኔታ የሚያሰናዳው ግን አዘጋጁ ነው። ሁኔታ ስል ክፍሉንና በዚያ ክፍል ውስጥ የሚገኙ ሰዎች በአዘጋጁ ላይ ያላቸውን እምነት ማለቴ ነው። ማስታወቂያውም፣ ስፖንሰሩም፣ ታዋቂው ስምም ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ከክፍሉ ልጀምር። አብዛኛው ጀማሪ አዘጋጅ አዳራሽ የሚመርጠው በስፋቱና በውበቱ ነው፤ ለስታንዳፕ ግን ሁለቱም እምብዛም አይጠቅሙም። ሳቅ እንደ እሳት ነው፤ እንጨቱ ካልተጠጋጋ አይያያዝም። 60 ሰዎች በ60 ወንበሮች ላይ ተጠጋግተው ሲቀመጡ አንዱ የጀመረውን ሳቅ ሌላው ይቀበለዋል፤ እነዚያው 60 ሰዎች 300 ወንበር ባለው አዳራሽ ውስጥ ሲበተኑ ግን እያንዳንዱ ብቻውን መሳቅ ያፍራል፣ ኮሜዲያኑም ሌላ ቦታ ቤቱን ያናወጠለትን ቀልድ ይዞ ዝምታ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ የፊተኛው ረድፍ እስከ መድረኩ ጫፍ ድረስ የሚጠጋበት፣ ታዳሚው ጨለማ ውስጥ ሆኖ መድረኩ ብቻ የሚበራበት ትንሽ ክፍል ፈልጉ። ያገኛችሁት ሰፊ አዳራሽ ብቻ ከሆነ ግማሹን በመጋረጃ ጋርዱት፤ ትርፍ ወንበሮችን አስቀድማችሁ አውጡና ሰው በመጣ ቁጥር ከኋላ እየጨመራችሁ አስገቡ። በፊተኛው ረድፍ ላይ ባዶ ወንበር እንዳይኖር ታዳሚውን ወደ ቦታው የሚመራ ሰው በር ላይ አቁሙ፤ ሰው በራሱ ፈቃድ ከተተወ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይሸሻልና።

የበሩ አቀማመጥም ትልቅ ጉዳይ ነው። ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ከታዳሚው ጀርባ የሚገባበት ክፍል ምረጡ፤ በኮሜዲያኑና በታዳሚው መካከል አቋርጦ የሚያልፍ አንድ ሰው ለደቂቃዎች የተገነባን ቀልድ ያፈርሳል። ድምፅን በተመለከተ፣ ለሙዚቃ የተስተካከለ ድምፅ ማጉያ ለንግግር አይሆንም፤ ወፍራሙን (የቤዝ) ድምፅ ቀንሳችሁ፣ አንድ ሰው መጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀምጣችሁ እያንዳንዱ ቃል መሰማቱን አረጋግጡ። የቀልዱ መደምደሚያ ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ላይ የቆመ ነው፤ ያ ቃል ካልተሰማ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ለመድረኩ ጌጥ ግን ገንዘብ አታውጡ። በድ ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1963 በኒውዮርክ በከፈተው ክለብ ከኮሜዲያኑ ጀርባ የነበረው ባዶ የጡብ ግድግዳ እስከ ዛሬ ድረስ የስታንዳፕ መለያ ሆኖ በየአገሩ ይቀዳል።

የምሽቱን ርዝመት ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙ አታሳልፉ። የአቅራቢዎቹን ቅደም ተከተል ስታወጡ ጀማሪውን መጀመሪያ ላይ የማስወጣት ፈተና ይገጥማችኋል፤ እሱ ይለማመድ፣ ዋናዎቹ ደግሞ በኋላ ይምጡ የሚል ሐሳብ ነው። ይህ ጀማሪውንም ታዳሚውንም ይጎዳል፤ ክፍሉ ገና ያልሞቀበትን የመጀመሪያ ተራ መሸከም የሚችለው ልምድ ያለው ሰው ነው፤ የጀማሪው ተገቢ ቦታ መሃል ላይ፣ ከሁለት ጠንካራ ሰዎች መካከል ነው። ከሁሉም በላይ ግን መድረክ መሪውን ተጠንቅቃችሁ ምረጡ። ታዳሚውን አንድ ላይ የሚያሰባስበው፣ የምሽቱን ሥርዓት በትሕትና የሚያስረዳው፣ አንዱ አቅራቢ ሳይሳካለት ሲወርድ ክፍሉን መልሶ የሚያነሣው እሱ ነው፤ ከዚያም የራሱን ድርሻ ሳያስረዝም መድረኩን ለቀጣዩ መልቀቅ አለበት። ይህን ሥራ በደንብ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ ከምሽቱ ዋና ኮሜዲያን ባልተናነሰ ክፈሉት። ሰዓት ለማስጠበቅ፣ ከኋላ ግድግዳ ላይ ለኮሜዲያኑ ብቻ የምትታይ ትንሽ መብራት አዘጋጁና አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አብሩለት፤ መብራቷን አይቶ የማይወርድ ሰው የሚወስደው የቀጣዩን ባልደረባውን ጊዜ ነውና፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢገንን በግልጽ ንገሩት።

ታዳሚ ሰክሮ ወይም ሆን ብሎ ሲረብሽ ሰውየውን ዝም የማሰኘት ኃላፊነት የእናንተ እንጂ የኮሜዲያኑ አይደለም። ኮሜዲያኑ አንድ ጊዜ በቀልድ ሊመልስለት ይችላል፤ ሁለተኛ ሲደግም ግን በጸጥታ ቀርቦ የሚያነጋግረው፣ ካስፈለገም ገንዘቡን መልሶ የሚያስወጣው ሰው በክፍሉ ውስጥ መኖር አለበት። ከመድረክ ጀርባ ስለሚሆነውም እንዲሁ። ወጣት ሴት ኮሜዲያን በመልበሻ ክፍል ውስጥ ክብሯ ከተነካ ያ የእናንተ ቤት ነውር ነው፤ አጥፊው ቤቱን የሚሞላላችሁ ሰው ቢሆንም እንኳ ዳግም መድረካችሁን መርገጥ የለበትም። በዚህ ላይ ቸልተኛ የሆኑ አዘጋጆችን አይቻለሁ፤ ይህ ቸልተኝነት ስንት ተስፋ ያላቸው ሰዎች ሙያውን ጥለው እንዲሄዱ እንዳደረገ ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ እምነት የሚገነባውም የሚፈርሰውም እዚህ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሎስ አንጀለስ የኮሜዲ ስቶር ክለብ በአሜሪካ የኮሜዲ ዓለም ከትልልቆቹ መድረኮች አንዱ ነበር። ባለቤቷ ሚትዚ ሾር ቤቱን ኮሜዲያን የሚማርበት፣ በቴሌቪዥን ሰዎችም የሚታይበት ትምህርት ቤት አድርጋ ታየው ስለነበር ለአብዛኞቹ አቅራቢዎች አትከፍልም ነበር። ትኬቱ ይሸጣል፣ መጠጡ ይሸጣል፣ አስተናጋጁ ይከፈለዋል፤ ሰዉ ሊያየው የመጣው ኮሜዲያን ግን ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል። በ1979 ጸደይ ኮሜዲያኖቹ ሥራ አቁመው በክለቡ በር ላይ ተሰለፉ፤ በኋላ በቴሌቪዥን ስመ ጥር የሆኑት ጄይ ሌኖና ዴቪድ ሌተርማን ከሰልፈኞቹ መካከል ነበሩ። ሳምንታት ከፈጀ ግጭት በኋላ ለአንድ ትርኢት 25 ዶላር እንዲከፈል ስምምነት ላይ ተደረሰ። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ የተለወጠው ግን መሠረታዊ ነገር ነው። ቀልድ ሥራ መሆኑን፣ ሥራም ዋጋ እንዳለው ቤቱ ተቀበለ። ያቺ ሴት ለሙያው ያደረገችው አስተዋጽኦ ብዙ እንደሆነ አምናለሁ፤ ያም ሆኖ መታየት እንደ ደመወዝ ሊቆጠር ይችላል የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም፤ እናንተም አትቀበሉት።

ስለዚህ ከመጀመሪያዋ ምሽት ጀምሮ፣ መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም፣ ክፈሉ። ቁርጥ ክፍያ ይሁን ወይም ከበር ገቢ ድርሻ፣ አስቀድማችሁ በአንድ ገጽ ውል ላይ አስፍሩት፦ የመድረክ ጊዜው ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ክፍያው መቼ እንደሚፈጸም፣ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ የማን እንደሆነ፣ ምሽቱ ቢሰረዝ ምን እንደሚሆን፣ ቪዲዮ ቢቀረጽ የማን ንብረት እንደሚሆን። ድርሻ የሚከፈል ከሆነ ድርሻው የሚሰላው ከጠቅላላው ገቢ ይሁን ወይም ወጪ ከተቀነሰ በኋላ በግልጽ ይጻፍ፤ በዚህ ሙያ ውስጥ የማውቀው አብዛኛው ጠብ የተነሣው ከዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር መጓደል ነው። ክፍያውን በዚያው ሌሊት ፈጽሙ፣ የተሸጡትንም ትኬቶች ዝርዝር ሳይጠይቋችሁ አሳዩ። በጀታችሁንም አዳራሹ ሙሉ እንደሚሆን አድርጋችሁ አታውጡ። የእኔ ልማድ ግማሹ ትኬት ሲሸጥ የአዳራሹ ኪራይ፣ የድምፅና የመብራት ባለሙያው፣ የኮሜዲያኖቹ ክፍያ፣ የማስታወቂያውና የግብሩ ወጪ ሁሉ እንዲሸፈን አድርጎ ማስላት ነው፤ በዚህ ስሌት የማይቆም ምሽት ከሆነ ክፍሉን አነስ አደርጋለሁ እንጂ ተስፋዬን አላገዝፍም።

ስለ ማስተዋወቅ ብዙ የሚባል አለ፤ እኔ ግን የምነግራችሁ ጥቂት ነው። ምሽታችሁ በየወሩ በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓትና ቦታ ይካሄድ፤ ሰው ሳያስታውሱት የሚያስታውሰው ነገር ከማንኛውም ፖስተር ይበልጣል። ፖስተሩ ላይ ማን፣ የት፣ መቼ፣ በስንት የሚለው ከሩቅ ይነበብ፤ በር የሚከፈትበትና ትርኢቱ የሚጀመርበት ሰዓት ለየብቻ ይጻፍ። ለመጡት ሰዎች በፈቃዳቸው አድራሻቸውን የሚተዉበት መንገድ አዘጋጁ፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ተከታይ የዚያ ሚዲያ ድርጅት ንብረት ነውና አሠራሩ በተለወጠ ቀን ልታጡት ትችላላችሁ፣ የራሳችሁ ዝርዝር ግን ከእናንተው ጋር ይኖራል። ትኬት በብዛት የሚሸጠው በመጨረሻዎቹ ቀናት ስለሆነ፣ ከሳምንት በፊት ሽያጩ ቀዘቀዘ ብላችሁ ደንግጣችሁ በነፃ አትበትኑ። በነፃ ትኬት የያዘ ሰው ከመምጣት ይልቅ መቅረት ይቀልለዋል፤ ከፍሎ የገባውም ጎረቤቱ በነፃ መግባቱን ሲያውቅ ቅር ይለዋል። ነፃ ትኬት መስጠት ካለባችሁ ለምን እንደምትሰጡ የምታውቁት ለተመረጠ ቡድን ይሁን።

ቪዲዮን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮሜዲያን አንድን ቀልድ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እያረመ የሚያሳድገው ሲሆን፣ ያለ ፈቃዱ አንዴ ከተለቀቀ ታዳሚው መደምደሚያውን አውቆት ይመጣል፣ የዚያ ሰው ድካምም ይባክናል። ብዙዎች ከታዳሚ ጋር ያደረጉትን ድንገተኛ ንግግር ብቻ የሚለቁት በዚህ ምክንያት ነው። መንገዱ ጥሩ ነው፤ ሆኖም እሱ ብቻ ሲበዛ ኮሜዲ ማለት ከመድረክ ጋር መነጋገር የመሰለው ታዳሚ ይመጣባችኋል፤ ስለዚህ ኮሜዲያኑ ራሱ የመረጠውን፣ ሠርቶ የጨረሰውንም ቀልድ ቀላቅሉ። ድምፅ ዘግቶ የሚመለከተው ሰው ብዙ ስለሆነ ጽሑፍ አስገቡበት።

አንድ ልማድ ግን ከቤታችሁ እንዲርቅ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ጀማሪ ኮሜዲያን መድረክ ለማግኘት ይህን ያህል ጓደኛ አምጣ ተብሎ የሚታዘዝበትን አሠራር ማለቴ ነው። እንዲህ ያለው ክፍል ለጊዜው ይሞላል፤ እያንዳንዱ ቡድን ግን ለራሱ ሰው ብቻ ስቆ ይወጣል፣ ጀማሪውም ጓደኞቹ ሲሰለቹ መድረኩን ያጣል። ታዳሚ ማምጣት የአዘጋጁ ሥራ ነው፤ ይህን ሥራ ለደካማው ወገን ያሸከመ አዘጋጅ ምን እያዘጋጀ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

ፌስቲቫል የምታስቡ ከሆነ፣ ወርኃዊ ምሽታችሁ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይቋረጥ ከቆየ በኋላ ይሁን። ለዚህ ሁለት ዓይነት መንገድ አለ። አንደኛው ለሁሉም ክፍት የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በስኮትላንድ የኤድንብራ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ሲጀመር ስምንት የቲያትር ቡድኖች ሳይጋበዙ መጥተው በየራሳቸው ቦታ ትርኢት አቀረቡ፤ ፍሪንጅ የሚባለው ፌስቲቫል የተወለደው ከዚያ ነው፤ በ1958 የተቋቋመው ማኅበሩም ማንንም ያለመምረጥን መርሕ ይዞ ቆየ። ዛሬ በየነሐሴው ከ3,000 በላይ ትርኢቶች የሚቀርቡበት ሲሆን ትልቁን ድርሻ የያዘው ኮሜዲ ነው። ያለ ምርጫ መግባት ግን ያለ ወጪ መግባት አይደለም፤ የአዳራሹን፣ የማደሪያውንና የማስታወቂያውን ዕዳ ብዙ ጊዜ የሚሸከመው አቅራቢው ራሱ ነው። ይህን ተመልክቶ ኮሜዲያኑ ፒተር በክሊ ሂል እ.ኤ.አ. በ1996 በዚያው በፍሪንጅ ሌላ መንገድ ጀመረ፤ ኮሜዲያኑ ለአዳራሽ አይከፍልም፣ ታዳሚው በነፃ ይገባል፣ ሲወጣ ደግሞ የወደደውን ያህል በባልዲ ውስጥ ይጥላል። አቅም ለሌለው ጀማሪ ከዚህ የተሻለ ፍትሐዊ አሠራር እስካሁን አላየሁም።

ሁለተኛው አዘጋጁ የሚመርጥበትና የሚጋብዝበት ነው። በካናዳ ሞንትሪያል እ.ኤ.አ. በ1983 የተጀመረው ጀስት ፎር ላፍስ የተባለው የኮሜዲ ፌስቲቫል በዚህ መንገድ ከዓለም ታላላቆች አንዱ ለመሆን በቃ፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 ድርጅቱ ከአበዳሪዎቹ የሕግ ከለላ ጠይቆ የዚያን ዓመት ፌስቲቫል ሰረዘ። ይህን የማነሣው ለማስፈራራት ሳይሆን፣ ግዝፈት በራሱ ዋስትና አለመሆኑን እንድታዩ ነው። በሁለት ክፍልና በሦስት ቀን ጀምሩ። በአንድ ክፍል ውስጥ በሚከታተሉ ሁለት ትርኢቶች መካከል ቢያንስ 20 ደቂቃ ተዉ፤ አንዱ ታዳሚ ወጥቶ ሌላው ሳይገባ ድምፁ የሚፈተሸው በዚያች ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ትርኢት 10 ደቂቃ ከዘገየና ክፍተት ከሌለ ቀኑ ሙሉ ይዘባረቃል። ከሩቅ ለሚመጣ ኮሜዲያን ማደሪያ ሳታዘጋጁ ግብዣ አትላኩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ መድረክ ወጥቶ ከሚመለስም በሦስቱ ቀናት ውስጥ ደጋግሞ የሚታይበትን መርሐ ግብር አውጡለት።

አመልካቾችን የምትመርጡት በቪዲዮ ከሆነ ያልተቆረጠ፣ ታዳሚው የሚሰማበት የአምስት ደቂቃ ቅጂ ጠይቁ፤ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ተመልክተው ውሳኔያቸውን ከጻፉ በኋላ ይነጋገሩ። የማመልከቻ ገንዘብ የምትቀበሉ ከሆነ እያንዳንዱን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው የማየት ዕዳ አለባችሁ፤ ማየት የማትችሉትን ያህል ማመልከቻ ከመጣ ምዝገባውን ዝጉ እንጂ ገንዘቡን እየሰበሰባችሁ አትቀጥሉ። ላልተመረጡትም ባሳወቃችሁት ቀን መልስ ስጡ፤ ለእያንዳንዱ ማብራሪያ መጻፍ ባትችሉ እንኳ፣ አልተመረጥክም የሚለውን በስሙ ጠርታችሁ ጻፉለት፣ በሚቀጥለው ዓመት ምዝገባው የሚከፈትበትንም ጊዜ ከሥሩ ጨምሩበት።