ክብደትን ስለ መቀነስ ከድሬዳዋና ከሐረር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በድሬዳዋ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን ክትትል ላይ ለብዙ ዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ስለ ክብደት፣ ስለ አመጋገብና ስለ እንቅስቃሴ በቃልና በጽሑፍ የደረሱኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ፤ ተመሳሳይ የሆኑትን በአንድ አጣምሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሳቢያን የምኖር የ43 ዓመት ሴት ነኝ። እንጀራ ከተውኩ ሁለት ወር አለፈኝ፣ ቁርስም አልበላም፤ ግን ከ78 ኪሎ ንቅንቅ አላልኩም። ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በከተማችን ክብደት ለመቀነስ የተነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚተወው እንጀራን ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ክብደቱን ያመጣው እንጀራው ሳይሆን ማንም እንደ ምግብ የማይቆጥረው ነገር ነው። ከአሁን በፊት እንደ እርስዎ እንጀራ የተዉ አንዲት እናት ቤት ሄጄ፣ በቀን ውስጥ በሻይ የሚጠጡትን ስኳር ባዶ ሰሃን ላይ እንዲሰፍሩልኝ ጠየቅኋቸው። በቀን ስድስት ብርጭቆ ይጠጣሉ፤ በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ይጨምራሉ። አሥራ ስምንተኛውን ማንኪያ ሲያፈሱ ሰሃኑ ላይ የተከመረውን ዝም ብለው ተመለከቱት። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ አራት ግራም ያህል ስለሚይዝ የሰፈሩት 72 ግራም ነበር፤ ይህም ወደ 290 ካሎሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይመክራል። እኚህ እናት ከሻዩ ብቻ ያገኙትን ለማቃጠል አንድ ሰዓት ያህል ፈጠን ብለው መራመድ ነበረባቸው።

ሁለተኛው ዘይት ነው። ከጀሪካን በቀጥታ ድስት ውስጥ የሚፈስ ዘይት መጠኑ አይታወቅም። ለአንድ ወጥ የሚያፈሱትን ዘይት እስኪ በቡና ሲኒ ለክተው ይመልከቱት፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ሲሆን፣ አንድ ሲኒ ወደ አምስት የሾርባ ማንኪያ ይይዛል። ስለዚህ ምክሬ እንጀራዎን፣ የማሽላም ይሁን የጤፍ፣ በልክ ይመልሱት፤ ስኳሩን በየሳምንቱ በአንድ ብርጭቆ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ ይሂዱ፤ ዘይቱን በማንኪያ ይስፈሩ። ቁርስ መተው በራሱ ጉዳት ባይኖረውም፣ ረሃቡ ማታ ላይ ተጠራቅሞ የሚያስበላዎት ከሆነ ግን ጥቅም የለውም።

ጥያቄ፦ ከቤተሰብ ጋር በአንድ ትሪ ስለምንበላ ምን ያህል እንደበላሁ አላውቅም። ለብቻዬ ብበላ ደግሞ ቅር ይላቸዋል።

መልስ፦ ከትሪው መራቅ አያስፈልግም፤ አብሮ መብላት የሚያስደስት ልማድ ነው፣ ሳይጣድፉ ለመብላትም ያመቻል። ወጥ ሲወጣ በፊትዎ በኩል ያለውን ድርሻዎን አስቀድመው ይወስኑ፤ ግማሹ ጎመን፣ ሰላጣ ወይም ሌላ አትክልት ይሁን፤ ምስሩን ወይም ሽሮውን ቀጥሎ ይብሉ፤ እንጀራ እንዳይጨመርልዎት ቀድመው ይናገሩ። የመጥገብ ስሜት እስኪመጣ 20 ደቂቃ ያህል ሊወስድ ስለሚችል ጉርሻው መሃል ማረፍ ይገባል። «ብሉ እንጂ» የሚለው ግፊያ ከፍቅር የሚመጣ ነውና፣ ሐኪም መጠን እንዳዘዘልዎት በግልጽ ቢነግሯቸው ቤተሰብ ቶሎ ይረዳል።

ጥያቄ፦ ጫት ያከሳል ይባላል፤ እውነት ነው? እኔ ለዓመታት እየቃምኩ ቦርጬ ግን እየጨመረ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ለጊዜው የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ሰዎች «ያከሳል» የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው። ነገር ግን ከጫቱ ጋር ያለውን ሁሉ አብረን እንቁጠር። በበርጫው ላይ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለውዝና ለስላሳ አይጠፋም፤ አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ብቻውን ከ30 ግራም ያላነሰ ስኳር አለው። ለአራትና ለአምስት ሰዓት ያለ እንቅስቃሴ ይቀመጣሉ። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ የሚሄዱም ካሉ አንድ ጠርሙስ ቢራ ወደ 140 ካሎሪ ይጨምራል። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ የተዘጋው ፍላጎት ሲከፈት ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በፊትም ሆነ በኋላ ከባድ እራት ይበላል። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት በማግስቱ ይበልጥ እንደሚርበው በጥናት የታወቀ ነው።

ከዚህም በላይ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። እየቃሙም ሆነ ከበርጫ ተነስተው ወዲያውኑ በሙቀት ውስጥ ሶምሶማ አይሩጡ። ጫቱን ቢተዉት እጅግ ደስ ይለኛል፤ ዛሬውኑ መተው ካቃተዎት ግን ቀኖቹን ይቀንሱ፣ ሻዩን ያለ ስኳር ያድርጉ፣ በለስላሳው ፋንታ ውሃ ይያዙ፣ ከመቃምዎ በፊትም ጥሩ ምሳ ይብሉ። ብዙዎች ጫቱን ሳይተዉ ለስላሳውን ብቻ በማቋረጥ ቀበቶአቸውን አንድ ቀዳዳ ሲያጠብቁ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ነው የእግር ጉዞ የሚደረገው?

መልስ፦ በንጋት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ የከዚራ ጥላማ መንገዶች እጅግ ምቹ ናቸው፤ ጠዋት የማይመቸው ሰው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይውጣ። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ለምሳሌ በቀን 30 ደቂቃ ለአምስት ቀን። መካከለኛ የሚባለው እየተራመዱ መነጋገር የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። አንዳንዶች በደቻቱ ደረቅ አሸዋ ላይ ይራመዳሉ፤ አሸዋ እግርን በደንብ ያሠራል፣ ነገር ግን በዝናብ ወራት እዚያ መግባት አይገባም፤ ላይኛው አገር ሲዘንብ ወንዙ ሳይታሰብ እንደሚሞላ የ1998ቱ ጎርፍ ያሳየን ነው። ውሃ ጠጥተው ይውጡ። ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም የደረት ሕመም ከተሰማዎት ወዲያውኑ ያቁሙ፤ የደረት ሕመሙ ካልለቀቀዎት ሕክምና ለመሄድ አያመንቱ።

ለሥራ የሚሄዱበት መንገድ አጭር ከሆነም ባጃጁን ከመድረሻዎ 15 ደቂቃ ቀድመው ይሰናበቱት፤ ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት ሆነ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር ጁገል የምኖር የ64 ዓመት ሰው ነኝ፤ ጉልበቴን ያመኛል። ዳገቱና ቁልቁለቱ አልሆነልኝም።

መልስ፦ አባቴ፣ ለታመመ ጉልበት ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ይከብዳል። ስለዚህ በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ከመውረድና ከመውጣት፣ ከበሩ ወጥተው ከግንቡ ውጭ ሜዳ የሆነውን ክፍል ይምረጡ። የግንቡ ዙሪያ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ሙሉውን መዞር ለጊዜው አያስፈልግዎትም፤ ከአንዱ በር እስከ ቀጣዩ ሄዶ መመለስ ለመጀመሪያው ወር ይበቃል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጅዎን ሳይደገፉ አሥር ጊዜ ይነሱ ይቀመጡ፤ ጥቂት አርፈው ይድገሙት። ጭንዎ ሲጠነክር ጉልበትዎ ያርፋል። አንድ ኪሎ በቀነሱ ቁጥር በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል እንደሚቀንስም ተለክቷል።

ጥያቄ፦ ትክክለኛ ክብደቴን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ኪሎዎን በሜትር በተለካው ቁመትዎ ሁለት ጊዜ ያካፍሉት። ቁመቷ 1.62 የሆነ የ78 ኪሎ ሴት ውጤቷ 29.7 ነው፤ ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ፣ ከ25 በላይ ከልክ ያለፈ፣ ከ30 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። እኔ ግን ወገብን በሜትር መለካትን አስበልጣለሁ፤ ሴት ከ80፣ ወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፉ ሊጠነቀቁ ይገባል። ደግሞም 24.9 ላይ እስኪደርሱ ጥቅሙ አይጠብቅም፤ ከክብደትዎ ከመቶ አምስቱን መቀነስ፣ ለ78 ኪሎ ሰው አራት ኪሎ ያህል፣ ግፊትንና ስኳርን ማሻሻል ይጀምራል።

ጥያቄ፦ በጾም ወቅት ለምን እንጨምራለን?

መልስ፦ በዐቢይ ጾም ሥጋና ቅቤ ቢቀርም፣ በምትኩ ዳቦ፣ የተጠበሰ ድንችና በዘይት የራሰ ፓስታ ይገባል። በረመዳንም ቀኑን ሙሉ የተጾመው በአፍጥር ሰዓት በሳምቡሳ፣ በሙሸበክና በጣፋጭ ጭማቂ ይካካሳል። ሦስት ተምርና ውሃ፣ ከዚያም ሾርባ ተወስዶ ከሶላት በኋላ ዋናው ምግብ ቢበላ መጠኑ በራሱ ይቀንሳል። ሳምቡሳው አንድ ይብቃ፤ ሙሸበኩ ለእንግዳ ቀን ይቆይ። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ግን ጾም ከመግባቱም ሆነ አዲስ እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ግዴታው ነው፤ ስኳር በድንገት ወርዶ ራሳቸውን የሳቱ ሰዎችን ተቀብዬ አውቃለሁና ይህን አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ሎሚ በሙቅ ውሃና ገበያ ላይ ያለው የማክሳት ሻይ ይሠራሉ?

መልስ፦ ሎሚው አይጎዳም፣ ስብም አያቀልጥም። ከሻዮቹ ብዙዎቹ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ ሚዛኑ ላይ የሚታየው ቅናሽ ከሰውነት የወጣ ውሃ ነው። በተለይ በዚህ ሙቀት አይጠጧቸው።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ አምስት ወሬ ነው፤ በአራስ ቤት የጨመርኩትን መቼ ልቀንስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እያጠቡ ስለሆነ ምግብ በኃይል አይቁረጡ። ገንፎና አጥሚቱ ለአራስነት ነበር፤ አሁን ቅቤና ስኳሩን ይቀንሱ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ጎመንና ፓፓያ ይብዙ። በሳምንት ከግማሽ ኪሎ በላይ ለመቀነስ አይጣደፉ። ልጁን አዝለው በንጋት መራመድም ይቻላል።

ጥያቄ፦ በየስንት ጊዜው ልመዘን?

መልስ፦ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ሽንት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በዚያው ሚዛን። ከቀን ወደ ቀን አንድ ኪሎ ከፍና ዝቅ ማለት የውሃና የጨው ጉዳይ ስለሆነ አያስደንግጥዎት፤ የአራት ሳምንቱን ቁጥር ጽፈው ይዘው ይምጡና አብረን እንየው።